ፈቃዱ ከሩቅ የሚጠየቅ ዘፈን

ነገሌ ቦረና በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል የምትገኝ፣ ከሐዋሳ ወደ አዶላ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የሚሻገርባት፣ የታሪክ አንባቢ በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በምግባቸውና በውኃቸው ብልሹነት ተማርረው ስላመፁት ወታደሮች የሚያስታውሳት፣ ነጋዴው ግን በከብትና በግመል ገበያዋ የሚያውቃት የደቡብ ቆላ በር ናት። ወደዚህች ከተማ ከስኳሩና ከጨርቁ፣ ከቆርቆሮውና ከሲሚንቶው ጋራ ዘፈንም ይወርዳል፤ አወራረዱ ግን እንደ ሌላው ሸቀጥ በኬላ የሚፈተሽ፣ በደረሰኝ የሚመዘገብ አይደለም፤ በአይሱዙው ሹፌር ፍላሽ ወይም በተማሪው ስልክ ውስጥ ሆኖ ያለ ቀረጥ ይገባል እንጂ።

ከገባ በኋላ የሚያርፍበት ቤት በነገሌም ሆነ በያቤሎ፣ በሻኪሶም ሆነ በሞያሌ ያው ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ በደጃፉ ላይ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ፣ በመስተዋቱ ውስጥም የተደረደሩ ቻርጀሮችና የስልክ ሽፋኖች። ደንበኛው ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ «አዳዲሱን ሙላልኝ» ሲል፣ ባለ ሱቁ የኦሮምኛውን፣ የሶማልኛውንና የአማርኛውን ዘፈን በየማኅደሩ ለይቶ ባንድ ጊዜ ይገለብጥለታል፤ የሚቀበለውም ገንዘብ የዘፈኑ ዋጋ ሳይሆን የመሙላቱ ድካም ዋጋ ስለ ሆነ፣ ዜማውን ለደረሰው፣ ግጥሙን ለጻፈውና ለዘፈነው ሰው ከዚያ ውስጥ አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም። ከዚያም ወዲያ ያው ዘፈን በብሉቱዝና ዜንደር በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ወጣቶች ከብቱን ይዘው ርቀው እስከሚከርሙበት እስከ ፎራው ድረስ ይዘልቃል።

ዘፈንን አባዝቶ ለሕዝብ ማዳረስ ፈቃድ የሚያሻው ነገር መሆኑ በአገራችን የትናንት ወሬ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ ማሳተምና ማስመጣት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሥልጣን ሆኖ ነበር፤ ይህንንም ግዝት በ1961 ዓ.ም. ጥሶ አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው አምሃ እሸቴ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያን ዘመን ሙዚቃ ብዙው ፍሬ ያለ ፈቃድ ከተሠራ ሥራ የተገኘ መሆኑን ፈቃድ ሰጪዎች ሁሉ ቢያስታውሱት መልካም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ካሴት ግን ማንም ሰው በቤቱ ሊገለብጠው የሚችለው ስለ ሆነ፣ ክርክሩ ማን ያሳትም ከሚለው ወጥቶ ማን ይከልክል ወደሚለው ተሻገረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ታውጆ፣ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ተደነገገ፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ። ነገር ግን እያንዳንዱን ሚሞሪ ሞይ ለዓመታት አስሮ የሚዘልቀው ወኅኒ ቤት የትኛው ነው? ሕጉ የሰውን ሁሉ እጅ ለመያዝ ባለመቻሉ፣ ባለመብቶቹ ሕጉን በራሱ በዘፈኑ ውስጥ ለመጻፍ አሰቡ።

የጥንት ጸሐፍት ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ መጽሐፉን ከጻፉ በኋላ በፍጻሜው የሰረቀውንና የፋቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ማኖር ልማዳቸው ነበር፤ ግዝቱም መጽሐፉ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄድ ነበር። የዛሬዎቹ መሐንዲሶች የሠሩት የዲጂታል መብት ጥበቃ፣ በአጭሩ ዲ.አር.ኤም. የሚባለው ብልሃት፣ የዚህ ግዝት ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሁለት ነው። የጥንቱ ግዝት ሌባውን እንጂ ገልባጩን አይነካም፤ እንዲያውም መገልበጥ ዋጋ የሚያሰጥ በጎ ሥራ ነበር። ሁለተኛም የጥንቱ ግዝት የኅሊናን ፍርሃት ሲጠብቅ፣ አዲሱ ግን የማንንም ኅሊና ሳይጠይቅ ትእዛዙን ራሱ ይፈጽማል።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ዘፈኑ ወደ ስልኩ ከመላኩ በፊት በምስጢር ጽሕፈት ይለወጥና ቁልፍ ለሌለው ሁሉ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ይሆናል፤ ቁልፉም በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። አድማጩ ዘፈኑን ሲነካው ማጫወቻው ፕሮግራም በኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ ልኮ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ስልኩንና ክፍያውን መርምሮ ቁልፉን ከነሁኔታው፣ ይኸውም ለስንት ቀን፣ በስንት ስልክ፣ ወደ ሌላ መሣሪያ መሻገር ይቻል ወይም አይቻል እንደ ሆነ ወስኖ ይልካል። እንግዲህ ማጫወቻው የታመነ ዘበኛ መሆን አለበት፤ ቁልፉን ተቀብሎ ለባለ ስልኩ የሚያሳይ ከሆነ ምስጢሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና።

ስለዚህም ማጫወቻ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው፣ የገዛ ሥራው ቢሆንም እንኳ፣ የተቆለፈ ዘፈን የሚከፍት አድርጎ ለሕዝብ ለማሠራጨት ከቁልፉ ባለቤት ጋራ መዋዋል ግድ ይሆንበታል። ማይክሮሶፍት ፕሌይሬዲ በተባለው ሥርዓቱ ይህን ፈቃድ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ለሌላ አምራች የሚያልፍ መካከለኛ ክፍል ለሚሠሩ የሚሰጥ ሲሆን በዚህ ፈቃድ ለተጠቃሚው ሕዝብ ማደል አይቻልም፤ ሁለተኛው ያለቀለትን ማጫወቻ ለተጠቃሚው ለሚያደርሱ የሚሰጥ ነው። ተዋዋዩም ማጫወቻው የዘፈኑን ሁኔታዎች እንዲያከብር፣ ቁልፎቹም በቀላል መሣሪያ ተበርብረው እንዳይገኙ አድርጎ ሊሠራ ይገደዳል፤ ምስጢሩ የሾለከበት ማጫወቻ የምስክር ወረቀቱ ሊሻር ይችላል። ጉግል በ2010 እ.ኤ.አ. የገዛው ዋይድቫይን በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ የሚሠራ ሲሆን የፈቃድ ዋጋ አይጠይቅም፤ የአፕሉ ፌርፕሌይ ደግሞ በአፕል ግዛት ውስጥ የታጠረ ነው። በየኢንተርኔት ቤታችን የሚገኘው ቪ.ኤል.ሲ. የተባለው ነጻ ማጫወቻ ግን ከነዚህ ውሎች ውጭ ቀርቷል፤ የውስጥ አሠራሩን ማንም አንብቦ ሊለውጠው የሚችል ፕሮግራም ምስጢር ጠብቅ ሊባል አይችልምና። ምስጢሩም ቢሆን ሁልጊዜ አይጸናም፤ የዲ.ቪ.ዲ. ቁልፍ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሰበር ከሰባሪዎቹ አንዱ ዮን ዮሃንሰን የተባለ ለአካለ መጠን ያልደረሰ የኖርዌይ ልጅ ነበር፤ ቢከሰስም በ2003 እ.ኤ.አ. በነጻ ተለቀቀ።

በእኛ አገር ዘፈን የሚሸጥበትን መደብርና ዘፈን የሚደመጥበትን ማጫወቻ አንድ አድርገው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረቡት አውታር የተባለው መተግበሪያ መሥራቾች፣ ኤልያስ መልካ፣ ዮሐንስ በቀለ ወይም ጆኒ ራጋ፣ ኃይለየሱስ ፈይሳና ዳዊት ንጉሤ፣ የሙዚቃ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ዋጋው ከስልክ ሂሳብ እንዲቆረጥ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋራ መስማማታቸው፣ ቴሌብር ገና ባልተወለደበት፣ የባንክ ካርድም ጥቂቶች ብቻ በያዙበት ጊዜ የነገሌንና የሞያሌን ሰው የሚያስታውስ አስተዋይ አሳብ ነበር። ኤልያስ መልካ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ዐረፈ።

ክፍያው መንገድ ካገኘ የሚቀረው ፈቃድ መጠየቁ ነው። በየጊዜው ሰርቨሩን ካልጠየቀ የማይዘፍን ማጫወቻ አዲስ አበባ ላለ ሰው እክሉ አይታወቅም፤ ከነገሌ ወጥቶ ኔትወርክ የማይደርስበት ፎራ ለሚወርደው ልጅ ግን በገንዘቡ የገዛው ዘፈን ዲዳ ሲሆንበት፣ አጠገቡ ያለው ጓደኛው በነጻ ያስሞላው ያው ዘፈን ይዘፍናል። በሐቅ የከፈለው ተቀጥቶ ያልከፈለው የሚሸለምበት ሥርዓት ምን ያህል ጠንካራ ቁልፍ ቢኖረው የሚሞሪ ሞይውን ሱቅ ሊያዘጋ አይችልም። ታላላቆቹም በዚህ ተፈትነዋል፤ ማይክሮሶፍት ኤም.ኤስ.ኤን. ሚውዚክ በተባለው መደብሩ ለሸጣቸው ዘፈኖች ፈቃድ መስጠቱን በ2008 እ.ኤ.አ. ሊያቆም እንደ ሆነ ቢያስታውቅ፣ ኮምፒዩተር የለወጠ ሁሉ የገዛውን ሊያጣ መሆኑ ታውቆ ገዢዎቹ ስለ ጮኹበት ቀኑን እስከ 2011 እ.ኤ.አ. አራዘመው። አፕልም በ2009 እ.ኤ.አ. በመደብሩ ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ ቁልፉን አነሣ። የቁልፉ ዘመን ግን በዚህ አላበቃም፤ በየወሩ እየተከፈለ በሚደመጠው ሙዚቃና በሚታየው ፊልም ላይ ጸንቶ ይኖራል።

ለማጫወቻው ፈቃድ የሚሰጡት ኩባንያዎች ቁልፉ እንዴት እንዲጠበቅ ያዛሉ እንጂ፣ አንድ ዘፈን ያለ ኔትወርክ ለስንት ጊዜ ይደመጥ የሚለውን ለአገልግሎቱ ባለቤት ይተዉለታል፤ ፕሌይሬዲም ሆነ ዋይድቫይን በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ ፈቃድን ያስተናግዳሉ። እንግዲህ ዘፋኙ ከአሠራጩ ጋራ ሲዋዋል ስለ ድርሻው መቶኛ ብቻ ተከራክሮ ከመፈረም ይልቅ፣ የተገዛው ዘፈን ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጋ ወራት ሳይጠይቅ እንዲዘፍን፣ ድርጅቱም ቢዘጋ ለገዢዎቹ ያለ ቁልፍ እንዲለቀቅላቸው የሚያስገድድ አንቀጽ ሊያስገባ ይገባዋል፤ ይህን አንቀጽ ለመጻፍ የማይክሮሶፍትም ሆነ የጉግል ፈቃድ አያስፈልግም።