ፎስፋቴዝ፦ ከሳንጃ ዋልካ እስከ ባሕር ዳርቻ

በክረምት የሳንጃን ዋልካ የረገጠ ሰው ጫማው ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በበጋ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ይህ ጥቁር አፈር ፎስፈረስ አለው፤ አብዛኛው ግን የታሰረ ነው። ከፊሉን ካልሲየም ይዞታል። ሌላው በበሰበሰ ገለባ፣ በሥርና በፍግ ውስጥ ከካርቦን ጋር ተጣብቋል። ሥር ደግሞ የሚመጠው በውሃ የሟሟ ፎስፌት ብቻ ነው። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ጠፋ እንደማለት ነው።

ከካርቦን ጋር የተጣበቀውን የሚፈታው ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሥሮች፣ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ፎስፈረስ ሲያጥራቸው ያመነጩታል። ካልሲየም ያሰረውን አይነካም፤ ያ የአሲድ ሥራ ነው። ከሥር የሚወጣው ዓይነት አሲዳማ አፈር ይመቸዋል። አልካላይን በሆነ ዋልካ ላይ በይበልጥ የሚሠራው የደቂቅ ነፍሳቱ ነው፤ ከእሱም አንዳንዱ ዓይነት ያለ ዚንክ አይሆንለትም። የቅርብ ዘመዱን ፋይቴዝን እናቶቻችን ስሙን ሳይሰሙ ሲያሠሩት ኖረዋል፤ የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ብረቱን ለሰውነት የሚያቀልለው እሱ ነው።

የፎስፋቴዝ አለካክ ደስ ይላል። አፈሩ ቀለም ከሌለው ፈሳሽ ጋር በ37 ዲግሪ (ለመተማ ሰው ብርቅ ያልሆነ ሙቀት!) አንድ ሰዓት ይቆያል። ኢንዛይሙ በውስጡ የተጣበቀውን ፎስፌት ሲቆርጥ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው በደመቀ ቁጥር ኢንዛይሙ በርትቷል።

ነገሩ ባሕር ድረስ ይዘልቃል። ሳንጃ ያለችበት የአርማጭሆ ጎርፍ በአንገረብ ወንዝ ወደ አትባራ፣ ከዚያም በዓባይ ሜዲትራኒያን ይደርስ ነበር። በጎርፉ ወቅት የሚወርደው ፎስፈረስ የግብጽን ዳርቻ ሰርዲን ይቀልብ ነበር። የአስዋን ግድብ በ1964 እ.ኤ.አ. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ1962 ወደ 18,000 ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በ1968 ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዛሬም ፎስፈረስ በእጅጉ የሚያንሰው ባሕር ነው።

በባሕር ውሃ ፎስፋቴዝ ሲበረታ ተመራማሪው ደቂቅ ነፍሳቱ ፎስፈረስ እንደተራቡ ይረዳል። በማሳ ላይ ግን ብርታቱ ብዙ ጊዜ ብስባሽና ሕይወት መኖሩን ይናገራል። ለዚህ ነው የሰሊጥ አገዳ ከአጨዳ በኋላ ሲቃጠል የሚያንገበግበኝ፤ አመዱ ፎስፈረሱን ቢያስቀርም ደቂቅ ነፍሳቱ የሚመገቡት ካርቦን በጭስ ይሄዳል። ዘንድሮ ከማሳችሁ አንድ ጥግ ያለውን አገዳ ሳታቃጥሉ ከፍግ ጋር አበስብሱትና በሚቀጥለው ክረምት ቡቃያውን አስተያዩ።