ላብራቶሪ ውስጥ አምስት ዓመት ማን ይቆያል?

«ጂፒኤዬ 3.6 ነው፤ አሜሪካ ለኬሚስትሪ ፒኤችዲ ባመለክት ይቀበሉኛል?» የሚለውን ጥያቄ ከተመራቂዎቻችን አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዕድልን ለመገመት ግን አስቀድሞ የሚወስነውን አካል ማወቅ ይበጃል፤ እሱም የቅበላ ኮሚቴ ይባላል።

አሜሪካ ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ የሚመርጠው ሬጅስትራር አይደለም። የኬሚስትሪ ዲፓርትመንቱ መምህራን ራሳቸው ተሰብስበው፣ ከኦርጋኒክ፣ ከኢንኦርጋኒክ፣ ከአናሊቲካልና ከፊዚካል ዘርፎች ተውጣጥተው ፋይሉን ያነባሉ። ብዙዎቹ ዲፓርትመንቶች ማመልከቻ የሚዘጉት በዲሴምበር ወር፣ በእኛ ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ ነው። የተመረጠው ተማሪም በአብዛኛው እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ምላሹን ይሰጣል።

የኮሚቴው ጭንቀት ከገንዘብ ይጀምራል። የኬሚስትሪ ፒኤችዲ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ እንዲያውም የወር መተዳደሪያ ይቆረጥለታል። በመጀመሪያው ዓመት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን በላብራቶሪ እያስተማረ፣ ከዚያም በአማካሪው የምርምር በጀት ተደግፎ አምስት ዓመት ገደማ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ሰው መቀበል ማለት ለዓመታት ወጪ መግባት ነው። ኮሚቴው አብዝቶ የሚፈራውም በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጦ የሚሄደውን ተማሪ ነው። ጂፒኤ ደግሞ ኮርስ ማለፍን እንጂ ስድስት ወር ሙሉ እንቢ ያለ ሙከራ ፊት መቆምን አይለካም።

ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ዲፓርትመንቶች ጂአርኢ የተባለውን የመግቢያ ፈተና ትተዋል፤ የኬሚስትሪው ልዩ ፈተና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ጨርሶ ቆሟል። ያ ሚዛን ሲነሣ ክብደቱ ወደ ምርምር ልምድና ወደ ድጋፍ ደብዳቤ ዞረ። የእንግሊዝኛ ፈተናም ቢሆን ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለንግግር ክፍሉ ነው፤ ምክንያቱም ያ ተማሪ ነገ አሲድ በያዙ ልጆች ፊት ቆሞ ትእዛዝ ይሰጣል።

የምርምር ልምድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ውድ መሣሪያ ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለምሳሌ የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውኃ የፍሎራይድ መጠን የለኩ ሁለት ተመራቂዎችን እናስብ። አንዱ «ፍሎራይድ ለክቻለሁ፤ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብሎ ያቆማል። ሌላው ደግሞ «ንባቤ ከጠበቅሁት አነሰ፤ አሉሚኒየምና ብረት ፍሎራይዱን አስረው ከኤሌክትሮዱ እንደሚደብቁት ገባኝ፤ ማስለቀቂያ ያለበት በፈር ጨምሬ ዳግም ለካሁ» ይላል። መሣሪያቸው አንድ ነው፤ ኮሚቴው ግን ሁለተኛውን ፋይል ቆም ብሎ ያነበዋል። እዚያ ውስጥ ስሕተቱን ያሳደደ ሰው አለ። የዓላማ መግለጫ ጽሑፍ ላይ መስፈር ያለበትም ይኸው ነው፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ሳይንስ መውደድን የሚተርኩ አንቀጾች ቦታ ብቻ ይይዛሉ።

ሌላው የዕድል ክፍል ከአመልካቹ እጅ ውጭ ነው። ዲፓርትመንቱ የሚቀበለው ተማሪ ቁጥር መምህራኑ ባላቸው ገንዘብና ባዶ ቦታ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራሉ የምርምር ገንዘብ ሲናጋ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ ቁጥራቸውን ቀንሰዋል። ስለዚህ «ከመቶ ስንቱን ይቀበላሉ?» ከማለት «እዚያ ልሠራላቸው የምፈልጋቸው መምህራን ስንት ናቸው?» ማለት ይሻላል። አንድ ብቻ ከሆኑና እሳቸው በዚያ ዓመት ተማሪ የማይወስዱ ከሆነ ጥሩ ፋይልም ወድቆ ይቀራል። ሦስትና አራት ካሉ ግን በሩ ሰፋ ይላል። የእያንዳንዱን የምርምር ቡድን የአባላት ዝርዝር መመልከትም ይጠቅማል፤ ከእኛ አገር ዓይነት ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች ካሉ ዲፓርትመንቱ «የማናውቀው ዩኒቨርሲቲ» ብሎ አይደነግጥም።

የማመልከቻ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከ75 ዶላር አያንስም፤ ለእኛ ተመራቂ ከባድ ነው። ብዙ ዲፓርትመንቶች ግን ሲጠየቁ ክፍያውን ያነሣሉ። ኅዳር ሳይገባ ለቅበላ አስተባባሪው በጨዋ ኢሜይል መጠየቅ ነውር የለውም።

የእኛ ልጆች ዕድል አብዝቶ የሚሰበረው ግን በደብዳቤው ላይ ይመስለኛል። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ተማሪው መምህሩ ዘንድ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» የሚል ነው። ሦስቱም በአንድ እጅ ተጽፈው፣ ሦስቱም «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው፣ ሰዓት አክባሪ» ብለው ይሄዳሉ። ኮሚቴው ከዚህ ምንም አያውቅም፤ መመሳሰላቸው ከታወቀ ደግሞ ጥርጣሬ ይጨምራል። አንድ መምህር «በሦስተኛው ሳምንት የራሴን ስሌት ስሕተት አግኝታ አሳየችኝ» ብሎ የጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ከ3.9 ጂፒኤ በላይ ሊናገር ይችላል።

አመልካቾች ሆይ፣ መምህራችሁን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጠይቁ፤ የሠራችሁትን ሪፖርትና የላብ ደብተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። መምህራኖቻችን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ጽፈህ አምጣ አትበሉ። ተማሪያችሁ ላብ ውስጥ ምን እንዳደረገ በገዛ እጃችሁ ጻፉለት።