የማይግሬን መድኃኒቶችና የጎንዮሽ ጉዳታቸው

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ በወሎ፣ በ2001 ደግሞ በአርሲ፣ የገበሬ ቤተሰቦች የእግር ጣት እየጠቆረና እየደረቀ መውደቅ ጀምሮ ነበር። መንስኤው ኤርጎት የሚባል የእህል ሻጋታ ነው፤ በወሎ የተገኘው ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ በሚበቅለው ሲናር ላይ ነበር። መርዙ የደም ሥሮችን አጥብቆ ያኮማትራል፤ ደም ያልደረሰው አካል ደግሞ ይሞታል። ከዚሁ ሻጋታ እ.ኤ.አ. በ1918 አርተር ስቶል የተባለው የስዊዘርላንድ ኬሚስት ኤርጎታሚንን ነጥሎ አወጣ፤ በ1920ዎቹም ለማይግሬን መታዘዝ ጀመረ። ጣት የሚያደርቀውና ራስ ምታት የሚያስታግሰው አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ የሚለያቸው መጠኑ ነው።

የማይግሬን መድኃኒቶችን የጎንዮሽ ጉዳት በዚህ ዓይን ካዩት ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ዋና ሥራ የሚመነጭ ነው፤ መድኃኒቱ ባልታሰበለት ቦታ ሲደርስ ወይም ከልክ ሲያልፍ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የተነገረው ሰው የትኛውን ስሜት መቻል፣ የትኛውን በመጠንና በሰዓት ማስተካከል፣ የትኛውን ሲያይ ደግሞ ወዲያው ማቆም እንዳለበት መለየት ይችላል። ያልተነገረው ሰው ግን ሁሉንም ይፈራና ክኒኑን በዝምታ ይተዋል፤ ወይም ሁሉንም ይችልና ይጎዳል። ማይግሬን በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎችን፣ ሴቶችን ደግሞ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሚበልጥ ቁጥር የሚያጠቃ ሕመም በመሆኑ ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም።

ኤርጎታሚን ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ፣ ዋጋው ስለማይከብድ በብዙ አገሮች ዛሬም ይሸጣል። አንዱ ክኒን 1 ሚሊግራም ኤርጎታሚን ሲይዝ፣ በአንድ ሕመም ከ6፣ በሳምንት ደግሞ ከ10 ክኒን ማለፍ የለበትም። ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ይህ ማይግሬኑ ራሱ ከሚያመጣው ማቅለሽለሽ ጋር ስለሚደራረብ ብዙ ሰው ክኒኑን አይጠረጥርም። ጣት ሲደነዝዝና ሲቀዘቅዝ፣ ሲራመዱ ባት ሲያም ግን ክኒኑን አቁሞ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ አስፈላጊው ነገር የመድኃኒቶች መጋጨት ነው። ኤርጎታሚንን ከሰውነት የሚያስወግደው የጉበት ኢንዛይም በሪቶናቪር ይታገዳል። ሪቶናቪር ደግሞ በኤችአይቪ የሁለተኛ መስመር ሕክምና ውስጥ ከአታዛናቪር ወይም ከሎፒናቪር ጋር የሚሰጥ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጥቂት የኤርጎታሚን ክኒኖች ብቻ እግር እስከመቁረጥ የሚያደርስ ጉዳት ማስከተላቸው በሕክምና መጽሔቶች ተደጋግሞ ተዘግቧል። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት ጸረ ባክቴሪያዎችም ያንኑ ያደርጋሉ። ጭንቁ ያለው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው፤ ከኋላው ሰው ተሰልፎ የቆመ ታካሚ «የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብሎ ጮክ ብሎ አይናገርም። እንዲናገር መጠበቅም ተገቢ አይመስለኝም። ፋርማሲስቱ ወደ ጎን ጠጋ አድርጎ በዝግታ ሊጠይቀው ይገባል።

በአገራችን ከኤርጎታሚን ይበልጥ የሚዋጡት ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ናቸው። እነዚህ ሕመምና ብግነት የሚያስነሣውን ፕሮስታግላንዲን ያግዳሉ። ይኸው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቅ፣ ወደ ኩላሊትም የሚሄደውን ደም የሚያስተካክል ነው። ቃር፣ ማቃጠል፣ ከባሰም የጨጓራ መድማት የሚመጣው ከዚያ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ በተስፋፋበት አገር አደጋው ይጨምራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው ራሱን ሲያመው ክኒኑን በባዶ ሆድ ይውጣል፤ ወይም ሰዓቱ እስኪደርስ ሲጠብቅ ሕመሙ ሥር ይሰድና አንዱ ክኒን ሊመልሰው የሚችለውን ሦስት አይመልሰውም። የቡና ሐራራ ሲጨመርበት ደግሞ የጾም ቀን ራስ ምታት ሁለት ምንጭ ይኖረዋል። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ማይግሬን ደጋግሞ የሚጥለው ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ጨጓራውን ያተርፋል።

«ክኒኑ ጨጓራዬን ስለሚነካኝ መርፌውን ውጉኝ» የሚል ልማድም አለ። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ቢገባም ጨጓራ የሚደርሰው በደም በኩል ስለሆነ ጉዳቱ አይቀርም። የሚረዳው ዝቅተኛውን መጠን ለአጭር ጊዜ መውሰድና፣ ጨጓራ ላለበት ሰው ኦሜፕራዞል ማከል ነው። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የዋህ ነው፤ በቀን ከ4 ግራም ሲያልፍ ግን ጉበትን ይጎዳል። ለማስመለሱ የሚሰጠው ፕላሲል በተለይ በወጣቶች ላይ አንገትን ሊያጣምም፣ መቀመጥ እስኪያቅት ሊያቁነጠንጥ ይችላል። ቤተሰብን በጣም ያስደነግጣል፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግን በመርፌ ቶሎ ይመለሳል።

ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን ማስታገሻዎች መምጣት ሕክምናውን ለወጠ። ፓትሪክ ሃምፍሪ የመራው የግላክሶ ቡድን የሠራው ሱማትሪፕታን እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ ዋለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያስገባው ግን ገና በ2021 ነው። ትሪፕታን ከተወሰደ በኋላ ደረትን፣ አንገትንና መንጋጋን ጨምድዶ የመያዝ፣ የሙቀትና የመንዘር ስሜት ሊመጣ ይችላል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ልቤ ቆመ ብሎ ይሸበራል። ስሜቱ በአብዛኛው ከልብ የመጣ አይደለም፤ ከሰዓት ባነሰ ጊዜም ይለቃል። ይሁንና መድኃኒቱ የልብን ደም ሥሮችም በመጠኑ ስለሚያኮማትር፣ የልብ ደም ሥር ሕመም፣ ስትሮክ ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ላለበት ሰው አይሰጥም። በኤርጎታሚንና በትሪፕታን መካከል 24 ሰዓት መለየት አለበት፤ ሁለቱም የደም ሥር አጥባቂዎች ናቸው። አንዱ ትሪፕታን ያልተስማማው ሰው ሌላው ሊስማማው ስለሚችል፣ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ለምሳሌ ናራትሪፕታን ቀስ ብሎ የሚሠራና ብዙውን ጊዜ የሚለዝብ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ራስ ምታቱ ራሱ ነው። ማስታገሻ ሲበዛ ራስ ምታት ያመጣል። ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን፣ ትራማዶልና መሰሎቹ፣ ካፌይን ያለባቸው ቅልቅል ክኒኖችም በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፤ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ደግሞ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ከተወሰዱ፣ በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣ የነበረው ሕመም የየቀን ጓደኛ ይሆናል። ታካሚው ስለሚያመው ይውጣል፤ ስለሚውጥ ያመዋል። ሕመሙ የባሰበት እየመሰለው መጠኑን ይጨምራል፤ ቤተሰቡ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ አለ ብሎ ይፈራል፤ ቤት ያለው ገንዘብ በምርመራ ያልቃል። መውጫው ክኒኑን ማቆም ነው፤ ሲያቆሙትም ከሁለት እስከ አሥር ቀን ድረስ ራስ ምታቱ ከቀድሞው ይብሳል፤ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣትም ይከተላሉ። ይህን ያልሰማ ሰው በሦስተኛው ቀን ይመለስበታል። የሰማ ሰው ግን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ መከላከያ መድኃኒት በሐኪም ተጀምሮለት፣ ቤተሰቡን አዘጋጅቶ ያልፈዋል። ትራማዶል ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያለ፣ በሐኪም ክትትል ነው የሚተወው። ማስታገሻ የወሰዱበትን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሐኪሙ ከማንኛውም ምርመራ በፊት ሊያየው የሚገባ ወረቀትም ነው።

ሕመሙ ለሚደጋገምበት ሰው በየቀኑ የሚዋጡ መከላከያዎች አሉ፤ የሚገርመው አብዛኞቹ ለሌላ በሽታ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ፕሮፕራኖሎል የልብ መድኃኒት ነው፤ ለማይግሬን መጥቀሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ለደረት ሕመም የወሰዱት ሰዎች ራስ ምታታቸው ሲቀንስ በመታየቱ ነው። የልብ ምትን ያዘገያል፤ ድካም፣ የእጅ መቀዝቀዝና ቅዠት ያመጣል። አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድ የስኳር ታካሚ ስኳሩ ሲወርድ የሚሰማውን የልብ ድለቃ ይሸፍንበታል። በድንገት ማቋረጥም ልብን ስለሚያስቆጣ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚተወው።

አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው። ድብታ፣ የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀትና የክብደት መጨመር ያመጣል። ብዙውን ችግር ሰዓት ይፈታዋል፤ በ10 ሚሊግራም ጀምሮ፣ ከመኝታ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ የዋጠው ሰው ጠዋት ላይ ብዙም አይደበትም። እንቅልፍ ለሚያጣ ታካሚ ድብታው ራሱ ጥቅም ይሆናል።

ቶፒራሜት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲሆን ብዙዎች ጀምረው የሚያቋርጡት ነው። ጣት ይነዝራል፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ክብደት ይቀንሳል። የሚከብደው ግን አእምሮ ላይ የሚያሳድረው ነው፤ ሰው መናገር የፈለገው ቃል አፉ ላይ ሳለ ይጠፋዋል። ለመምህር ወይም ለፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ25 ሚሊግራም ጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ ብሎ መጨመር ይረዳል። የኩላሊት ጠጠር እንዳያመጣ ውኃ በብዛት መጠጣት ያስፈልጋል። ላብም ስለሚቀንስ እንደ አፋር ወይም እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ሙቀት የሚሠራ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ዓይን በድንገት ካመመና ካደበዘዘ የዚያኑ ቀን መድኃኒቱን ማቆምና ሐኪም ማየት ግድ ነው፤ የዓይን ግፊት ሊሆን ይችላል።

ቶፒራሜትም ሆነ ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቫልፕሮዬት የፅንስ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የከንፈር መሰንጠቅን፣ ሁለተኛው የአከርካሪና የአንጎል ክፍተትን እንዲሁም የአእምሮ እድገት መዘግየትን ያመጣል። የማይግሬን ታካሚ ባብዛኛው በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሆና ሳለ፣ የወሊድ ነገር ሳይነሣ ቫልፕሮዬት ተጽፎላት የምትወጣበት ክፍል መኖር የለበትም። ከሕመሙ በፊት ብልጭታ ወይም የሚንቀጠቀጥ መስመር የሚታያት ሴትም ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ መውሰድ የለባትም፤ የስትሮክ አደጋዋን ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለማይግሬን ተብለው የተሠሩ መከላከያ መድኃኒቶች መጥተዋል። የመጀመሪያው በወር አንዴ የሚወጋው ኤሬኑማብ ነው። ሲጂአርፒ የተባለውን፣ በማይግሬን ጊዜ ከነርቭ የሚለቀቀውን ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል። ድብታ ወይም ቃል መጥፋት አያመጣም፤ በሙከራው ጊዜ እምብዛም ያልታየ ከባድ የሆድ ድርቀትና የደም ግፊት መጨመር ግን ብዙ ሰው ከወሰደው በኋላ በማስጠንቀቂያው ላይ ተጨምሯል። አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የዓመት ዋጋው 6,900 ዶላር ነበር። ዋሽንግተን አካባቢ ኢንሹራንስ ያለው ወገናችን ሊያገኘው ይችላል፤ አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ግን ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ለረጅም ጊዜ ዋነኞቹ ሆነው ይቆያሉ። የነባሮቹን መድኃኒቶች አያያዝ ማወቅ ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ጉዳት መንገር ራሱ ጉዳት እንዳያመጣ የሚሰጉ ሐኪሞች አሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማርቲና አማንዚዮና ባልደረቦቿ በጣሊያን ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በማይግሬን ሙከራዎች ባዶ ክኒን የተሰጣቸው ሰዎች ከመድኃኒቱ ጋር የሚመሳሰል ጉዳት ይሰማቸው ነበር፤ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የመርሳት ችግር የታየው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በተሞከረባቸው ጥናቶች ባዶ ክኒን በወሰዱት ላይ ነው። ከዚህ የምረዳው መናገር ይቅር የሚለውን አይደለም። «ይህ ሊሰማህ ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ይቀልልሃል፣ ካልቀለለህ ተመለስና መጠኑን እንቀንሳለን» የተባለ ሰውና የተጠቀጠቀ ማስጠንቀቂያ ያለበት ወረቀት ብቻ የተሰጠው ሰው አንድ ዓይነት ሥጋት ይዘው ወደ ቤት አይሄዱም።

በአገራችን ያልተጠበቀ ጉዳት ያየ ባለሙያ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት የሚያደርግበት ቢጫ ቅጽ አለ። ታካሚም ያጋጠመውን ለፋርማሲስቱ ተናግሮ እንዲሞላለት መጠየቅ ይችላል፤ የመድኃኒቱን ስም፣ የጀመረበትን ቀንና አብሮ የሚወስደውን ሁሉ ይዞ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።