ከአንድ ቅጠል ወረቀት የሚነሣ ቤት

በጳጉሜን ቀናት በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ሰፈሮች፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ካራ ቆሬ፣ የወንዶች ልጆች ሥራ አንድ ነው፤ ሥዕል መሣል። ከደብተር መሀል የተገነጠለ ወረቀት፣ ጫፋቸው ያለቀ ከለሮች፣ ከሌለም ከጎረቤት የሚለመን ማስመሪያ ይዘው በረንዳ ላይ ይደፋሉ። ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ጨረሯን የፈነጠቀች ፀሐይ፣ አንድ እቅፍ አደይ አበባ፤ ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ከታች አዲሱ ዓመተ ምሕረት። መስከረም 1 ቀን ጠዋት ሴቶቹ እንግጫና አደይ ይዘው አበባየሆሽ ሲጨፍሩ፣ ወንዶቹ በየበሩ እያንኳኩ ሥዕላቸውን ያድላሉ። ተቀባዩም እንደ አቅሙ ብር ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል፤ ሥዕሉም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ልጅ በእጁ ሠርቶ፣ በእግሩ ሄዶ የሚያደርሰው የአዲስ ዓመት ካርድ ነው ይህ። ከምንኮራባቸው ልማዶች ተርታ አስቀምጠዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በእጅ የተሣለው እያነሰ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚወጣው እየበዛ ሄዷል። አንድ ዓይነት መልአክ በብዙ ቅጂ ሰፈሩን ሲዞር የልጁ እጅ ከሥዕሉ ውስጥ ይጠፋል። ልጁን ዳግም ወረቀቱ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ወጪው ትንሽ፣ ደስታው ብዙ የሆነ ሥራ ቢኖር ያልኩት ለዚህ ነው። ሥራውም አለ፤ ከጃፓን የመጣ የካርድ ሥራ ነው።

ካርዱ ሲዘጋ እንደማንኛውም ካርድ ጠፍጣፋ ነው፤ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ሲከፈት ግን ከመሀሉ ደረጃ፣ ግንብ ወይም ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ይነሣል። ጃፓኖች ወረቀት የመቁረጥንና የማጠፍን ጥበብ ኪሪጋሚ ይሉታል። በአብዛኛው የካርድ ሥራ ኮላ የለም፣ ተቀጥላ የለም፤ ሕንጻው በሙሉ የሚወጣው ከዚያችው ከአንዷ ቅጠል ነው።

የሕንጻ ካርድን ራሱን የቻለ ዘርፍ ያደረጉት ማሳሂሮ ቻታኒ የተባሉ አርክቴክት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሂሮሺማ ተወለዱ፤ በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምረው እዚያው ፕሮፌሰር ሆኑ። በጃፓን ለአዲስ ዓመት ለወዳጅ ዘመድ ካርድ መላክ የቆየ ወግ ነው። ፖስታ ቤቱ በዲሴምበር የተላከለትን ካርድ ሰብስቦ ያቆይና ጃንዋሪ 1 ቀን በየቤቱ ያድላል። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ የሎተሪ ቁጥር የታተመበት የአዲስ ዓመት ፖስት ካርድ አለ። ቻታኒ ካርድ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ትልቅ ነገር ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። በ1981 ከሌላው የተለየ የመልካም ምኞት ካርድ ለመሥራት ሲሞክሩ ሙያቸውን ወደ ወረቀቱ አመጡት፤ ቤት እንደሚነድፉ ሁሉ ካርዱን በልኬት ነደፉት። ሥራው «ኦሪጋሚክ አርክቴክቸር» ተብሎ ተጠራ። ከኬይኮ ናካዛዋ ጋር የንድፍ መጻሕፍት አሳተሙ፤ በ2008 እስኪያርፉ ድረስም ከነጭ ወረቀት የዓለምን ታላላቅ ሕንጻዎች ሲያቆሙ ኖሩ። የእኛ ልጆች ሥዕልና የእሳቸው ሥራ መነሻቸው አንድ መሆኑ ነው እኔን የሳበኝ። ሁለቱም የመልካም ምኞት ሰላምታ ናቸው።

ይህን ካርድ ከተራ የወረቀት ሥራ የሚለየው ሲቆም ማማሩ ብቻ አይደለም፤ የቆመው ሁሉ ተመልሶ መተኛት አለበት። ካርዱ ሲዘጋ አንዲት ግድግዳ እንኳ ከተጨማደደች ንድፉ ስሕተት ነው። ይህን የሚገዛው ሕግ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ትይዩ የሆኑ ጎኖች እኩል ይሁኑ። ተማሪ ከሰሌዳ ላይ የሚገለብጠው ፓራሌሎግራም እዚህ በጣቱ መሀል ሲከፈትና ሲዘጋ ያገኘዋል።

አንዲት ሳጥን እንሥራ። አንድ ኤ4 ወረቀት በረጅም ጎኑ እኩል ለሁለት እጠፍና መልሰህ ዘርጋው። ከእጥፋቱ በላይ ያለው ግማሽ ግድግዳ፣ በታች ያለው ወለል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሳጥናችን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንድትል፣ ከግድግዳውም 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት እንድትወጣ እንፈልጋለን። ከመሀል እጥፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ አንድ አግድም መስመር፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሌላ አግድም መስመር በእርሳስ አስምር። የሁለቱን መስመሮች ጫፎች በግራና በቀኝ በቁም የሚያገናኙትን ሁለት መስመሮች ብቻ ቁረጥ፤ አግድሞቹ አይቆረጡም። አሁን መሀል ላይ በላይና በታች የተያያዘ፣ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ማሰሪያ አለህ። ከእሱ ላይ 3 ሴንቲ ሜትሩ የሳጥኗ ጣሪያ፣ 5 ሴንቲ ሜትሩ ፊቷ ነው። ስለዚህ ከላይኛው መስመር 3 ሴንቲ ሜትር ወርደህ፣ ማለትም ከመሀል እጥፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ፣ ሦስተኛ አግድም መስመር ታሰምራለህ።

የላይኛውና የታችኛው መስመር ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ሦስተኛው ወደ ውጭ ወደ አንተ ይታጠፋል። የመሀል እጥፋቱ ከሳጥኗ ግራና ቀኝ ብቻ ይቀራል፤ ማሰሪያው ላይ ያለፈው ግን ተመልሶ መስተካከል አለበት። ጀማሪውን ሁሉ የሚያስቸግረው እዚህ ጋ ነው። ለዚህም ከመቁረጥ በፊት ወረቀቱን በኃይል አለማጠፍ፣ በስሱ ብቻ ምልክት ማድረግ ይረዳል። ካርዱን ቀስ እያደረግህ ስትዘጋው ማሰሪያው በራሱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ዘጠና ዲግሪ ላይ ስታቆመው ሳጥኗ ቆማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራ ሰው ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ታየዋለህ።

አንድ ነገር አስቀድመህ አስላ። ካርዱ ሲዘጋ የሳጥኗ ከፍታና ጥልቀት ተደምረው ወደ ካርዱ ጠርዝ ይሄዳሉ። እዚህ 5 እና 3 ተደምሮ 8 ስለሆነ 15 ሴንቲ ሜትር በማይሞላው ግማሽ ውስጥ በሰላም ይተኛል። 12 ከፍታና 5 ጥልቀት ብትሰጠው ግን ጫፉ ከካርዱ ውጭ አፍጥጦ ይቀራል።

ለትንንሽ ልጆች ከዚህም የቀለለ መጀመሪያ አለ። ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ፣ ከታጠፈው ጠርዝ በመቀስ ሁለት እኩል ስንጥቅ አስገብቶ፣ መሀሉን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ከፍታዋና ጥልቀቷ እኩል የሆነ ሳጥን ትወጣለች። ከዚያ የዚችን ሳጥን ጠርዝ እንደገና ሁለት ጊዜ ቆርጦ መግፋት፣ ከዚያም ላይ እንደገና፤ ከሳጥን ሳጥን እየወጣ ደረጃ ይሆናል። ምላጭና ከተር ግን የትልልቆች ሥራ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወረቀቱ ትልቁ ምርጫ ነው። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ለመለማመጃ ይበቃል እንጂ ሕንጻ አይሸከምም። ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ይቆማል፣ ይታጠፋልም። ከኮልፌ ወደ መርካቶ መንገዱ አጭር ስለሆነ እዚያ ማግኘት አያስቸግርም፤ ማተሚያ ቤቶች ከጠርዝ የሚጥሉት ቁራጭም ለካርድ ከበቂ በላይ ነው። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ሲያዩት ያምራል፣ ሲታጠፍ ግን ፊቱ ይሰነጠቃል። ወረቀት ደግሞ በአንድ በኩል እሺ ብሎ በሌላው የሚያምፅበት ጠባይ አለው። ጫፉን ይዘህ በሁለቱም አቅጣጫ ቀስ ብለህ ብትቀለብሰው በየትኛው እንደሚለዝብ ይነግርሃል፤ ዋናዎቹ እጥፋቶች በዚያው አቅጣጫ ቢሆኑ ንጹሕ ይወጣሉ። ከማጠፍህ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ማስመሪያ ላይ አስደግፈህ ጫን እያልክ እለፍበት። ውድ መሣሪያ ከሚሠራው ያላነሰ ይሠራል። ከሥር የካርቶን ቁራጭ ካነጠፍህ የእናትህ ጠረጴዛም ከምላጩ ይተርፋል።

እጥፋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ረጅም ብራናን ወዲያና ወዲህ እያጠፉ ቅዱሳንን በተርታ የሣሉበት ሰንሱል አለን፤ ሲታጠፍ በመዳፍ ይያዛል፣ ሲዘረጋ የሥዕል ሰልፍ ይሆናል። ከዚህም የሚያስደንቀኝ በትግራይ ገርዓልታ፣ በደብረ ጽዮን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ያለው የ15ኛው መቶ ዘመን ማራገቢያ ነው። ብራናው በጠባብ በጠባብ እየታጠፈ ተሰብስቦ የተቀመጠ ነው፤ ሲከፈት ዙሪያውን ተሽከርክሮ ሙሉ ክብ ይሆናል፣ በየእጥፋቱም አንድ አንድ ቅዱስ ቆሞ ይታያል። በዚያው ዘመን የተሠራ መሰሉ አሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም አለ። ያንን የሠራ ሰው ምን ያህል ቦታ በምን ያህል እጥፋት እንደሚያዝ፣ የትኛው ፊት ከየትኛው ጎን እንደሚውል አስቀድሞ አስልቷል። ቻታኒ ጠረጴዛቸው ላይ ይሠሩት ከነበረው ሒሳብ የራቀ አይደለም።

ፈረንጆቹም ቀድመው ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1570 ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ የታተመው የዩክሊድ መጽሐፍ ተማሪው በጣቱ ቀና እያደረገ ፒራሚድ የሚያቆማቸው የወረቀት ቅርጾች ተለጥፈውበት ነበር። በኋላ ነገሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሰማይ ሄደ፤ የጃፓኑ ሳይንቲስት ኮርዮ ሚዩራ የነደፉት አስተጣጠፍ በ1995 በተላከ ሳተላይት ላይ የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ሰሌዳ ተዘርግቶበታል። በ2015 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኪሪጋሚ አቆራረጥ ስስ የፀሐይ ሴል ፀሐይዋን ተከትሎ እንዲያዘነብል አደረጉ።

ለእንቁጣጣሽ ካርድ ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። አንድ ቅጠል የምትጠይቀው ግልጽ ፊት፣ ቀጥ ያለ ግድግዳና ደረጃ ያለው ሕንጻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ አክሱም አስቀድማ ሠርታልናለች። ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልት በርና መስኮት የተቀረጸበት፣ ፎቅ በፎቅ የተደረደረ ነው። ለካርድ የተቆረጠ ይመስላል። ከፍታውን 11፣ ጥልቀቱን 2 ሴንቲ ሜትር አድርግ፤ ወደ ውጭ የሚታጠፈው መስመር ከመሀል እጥፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ክብ ራሱን ለማውጣት ያንን መስመር ከዳር እስከ ዳር አትጠፈው። መሀሉን ተውና በዚያ ፈንታ 1 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ ቅስት ቁረጥ፤ በሁለቱ ትከሻዎች ብቻ ይታጠፍ። ካርዱ ሲከፈት ቅስቱ ከጣሪያው ተላቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲዘጋ 11፣ 2 እና 1 ከግማሽ ተደምሮ 14 ከግማሽ ስለሚሆን ለጥቂት ይገባል። መስኮቶቹን ከማጠፍ በፊት ፈልፍላቸው፤ ከኋላው ቢጫ ወረቀት ብትለጥፍ የአደይ ቀለም በየፎቁ ይታያል። የጎንደር የፋሲል ግንብም በዚሁ መንገድ ይወጣል፤ የግንቡ አናት ጥርሶች እንደ ሐውልቱ ራስ ናቸው፣ ግንቦቹን በተለያየ ጥልቀት ማቆም ብቻ ይጨመርበታል።

ሥዕሉን መተው አያስፈልግም። ፀሐይዋና መልአኩ ግድግዳው ላይ፣ አደዩ ወለሉ ላይ ይሣሉ፤ ግን ከመቁረጥ በፊት። የቆመ ወረቀት ላይ ከለር መግፋት እጥፋቱን ይሰብራል። በክረምቱ እርጥበት ወረቀት ስለሚለዝብም የተጠናቀቀው ካርድ ሌሊቱን ከከባድ መጽሐፍ ሥር ይደር።

አንድ ቅጠል እሺ የማይለው የጎጆ ቤት ነው። ክብ ግድግዳና ሾጣጣ ክዳን ዘጠና ዲግሪ ላይ ከሚቆም ካርድ አይወጣም፤ ጠፍጣፋ እስኪሆን የሚዘረጋ፣ ባለ 180 ዲግሪ ካርድ ይፈልጋል። የጎጆው ቁመት በሁለት አቅጣጫ በስስ በስስ ይቆረጣል፤ በየመገናኛው አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች እስከ እኩሌታው ተሰንጥቆ እርስ በርሱ ይሰካል። ካርዱ ሲዘጋ ጥልፍልፉ በአንድ ላይ ያዘነብላል፤ ሕጉ ያው የትይዩ ጎኖች ሕግ ነው። ከሥሩ ግን በክር ወይም በኮላ መያዝ አለበት። ጊዜ ይወስዳልና ጎጆ ያሰበ ልጅ ጳጉሜንን ሳይጠብቅ ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት በነሐሴ ይጀምር።