ተጨማሪ መረጃ፦ ሰፊ ጎማ ያለውን ብስክሌት ባለ ሞተር ማድረግ

በግራናና በሀብሩ ቆላ በብስክሌት ለሚመላለስ ሰው፣ ክረምቱ ሲያልፍ ወንዞች ትተውት የሚሄዱት አሸዋ ቀጭኑን ጎማ ውጦ ስለሚያስቀረው፣ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ያህል የሆነና ነፋሱ ቀነስ ተደርጎ ክብደቱን በሰፊ ስፍራ የሚያሳርፍ ጎማ እውነተኛ ረዳት ነው። ነገር ግን ይኸው ስፋት መንኰራኵሩን ስለሚያከብደው፣ የእግርን ድካም ኀይለ ኤሌክትሪክ ቢጋራው እጅግ መልካም ነው።

ብልኀቱ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን በኋላው መንኰራኵር እምብርት ሞተር ላኖረበት ሥራው የባለቤትነት መብት ያገኘው፣ በአምባላጌና በዓድዋ ጦርነቶች መካከል፣ በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነበር።

በቤቱ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚለካው የሞተሩን ጉልበት ሳይሆን መንኰራኵሩ የሚገባበትን ክፍተት ነው፤ በተራው ብስክሌት የኋላው ክፍተት ብዙ ጊዜ 135 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በሰፊ ጎማው 170 ወይም 190 ስለሚደርስ፣ ለተራው የተሠራ ሞተር አይገጥምለትም። ሞተሩ መንኰራኵሩን ወደ ፊት ሲያዞር፣ ዘንጉ በአንጻሩ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላልና፣ ከብስክሌቱ አካል ጋር አጥብቆ የሚይዘው የብረት ክንድ ፈጽሞ ሊቀር አይገባም። ፍሬኑም ከቀድሞው የበረታ ይሁን።

48 ቮልትና 15 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 720 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ይህም ከ1 ኪሎዋት-ሰዓት ያነሰ ነው። የሊትየም ባትሪ ግን፣ ለራሱ ባልተሠራ መሙያ ሲሞላ ወይም ሲጎዳ፣ በውኃ በቀላሉ የማይጠፋ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ርቆ፣ ነቅቶ በሚጠብቀው ሰው ፊት ይሞላ።