የመጻሕፍት አርእስት በጥያቄና መልስ ውድድር፤ ስለ ማስታወስና ስለ መዘንጋት

በየትምህርት ቤቱ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በሚካሄዱ የጥያቄና መልስ ውድድሮች የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይቀርም። ጥያቄው በአብዛኛው «ይህን መጽሐፍ የደረሰው ማን ነው?» ወይም «የዚህ ደራሲ መጽሐፍ ምን ይባላል?» የሚል ነው። ተወዳዳሪው የሚያውቀው አርእስት አፉ ላይ መጣ መጣ ይልና ይጠፋበታል፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሳይጠራው ከች ይላል። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? የትኞቹ አርእስቶች ቶሎ ይታወሳሉ? የትኞቹስ ያደናግራሉ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች፣ በተለይ ከደብረ ታቦር ታሪክ ጋር የተያያዙ የአማርኛ ሥራዎችን በምሳሌነት እያነሡ መመርመር ነው።

የሥነ ልቡና ምሁራን ጉዳዩን ካጠኑት ቆይተዋል። ዊልያም ጄምስ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተረሳ ስም የሚተወው ክፍተት ባዶ አለመሆኑን፣ የተሳሳተ ስም ሲቀርብለት «ይህ አይደለም» ብሎ እንደሚመልስ ገልጾ ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል የብርቅ ቃላትን ፍቺ ለተማሪዎች እያነበቡ ቃሉን እንዲጠሩ ጠየቁ። ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ እምቢ ያላቸው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ፊደሉንና የቀለሙን ቁጥር ያውቁ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የተዘነጋው ስም እንዳልጠፋ፣ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ግን እንደተዘጋ ነው።

ይህን የመንገድ ነገር የአገራችን ሊቃውንት በተግባር ያውቁታል። በደቡብ ጎንደር የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በድጓው ጽሑፍ አናት ላይ የሚሰፈሩት ምልክቶች በአብዛኛው ከታወቀ የዜማ ቃል ተቆንጥረው የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ ተማሪው አንዲት ፊደል ባየ ጊዜ ሙሉው የዜማ ስልት ይመጣለታል። ፊደሏ የምትሠራው ግን ዜማውን አስቀድሞ ላጠና ብቻ ነው። ላላጠና ሰው ፊደል ሆና ትቀራለች። የመጽሐፍ አርእስትም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉን ላነበበ ብዙ ነገር ይጠራለታል፣ ላላነበበ ግን ብቻውን የቆመ ቃል ነው።

አርእስቶችን ከዚህ አንጻር ስንመለከታቸው በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያዎቹ በገጸ ባሕርይ ስም የተሰየሙት ናቸው፤ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» እና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ለዚህ ይጠቀሳሉ። እነዚህን ታሪኩን የሚያውቅ አይስታቸውም። ሁለተኛዎቹ የንግግር ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ፣ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» (1955 ዓ.ም.) እና የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከዚህ ይመደባሉ። የኋለኛው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለተረከው መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀው ሰው እንኳ አርእስቱን በጆሮው ይዞታል። ሦስተኛዎቹ በ«የ» የተያያዙ የስም ሐረጎች ናቸው። ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል አንዱ ሲጠራ ሌላውን ይጋርደዋል።

በደብረ ታቦር ይህ መጋረድ ጎልቶ ይታያል። ከተማዋ የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራውም በአቅራቢያዋ ባለችው በጋፋት ነው። ስለዚህ የአካባቢው ተማሪ «ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈ ልቦለድ ጥቀስ» ቢባል የሚያጥረው ነገር ያለ አይመስልም። ዳሩ ግን ብዛቱ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» እና «የታንጉት ምስጢር» የተባሉ ሥራዎች አሉት፤ የሁለቱም አርእስት በ«የ» የተያያዘ፣ የደራሲያቸውም ስም አንድ ነው። በአንጻሩ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ስለዚሁ ንጉሥ የሚተርክ ሆኖ ሳለ የንጉሡ ስም በአርእስቱ ላይ የለም። አርእስት ብቻ የሸመደደ ተማሪ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ቃል ተከትሎ ወደ መጀመሪያው ይሮጣል፤ «አንድ ለናቱ» የሚመጣለት ግን ለናቱ አንድ የሆነው ልጅ ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ነው።

የአጠያየቁም ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም። «ቴዎድሮስ የተባለውን ተውኔት የጻፈው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልሶች አሉት፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በዚህ ስም ጽፈዋልና። ዳኛው በወረቀቱ ላይ አንዱን ብቻ ከያዘ፣ ያወቀው ተወዳዳሪ ይወድቃል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም የተሰጠው ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው በኋላ በገጸ ባሕርይዋ ስም ነው። የቀድሞው አርእስት ደግሞ የጽሑፍ ዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ የመለሰ ተማሪ «ተሳስተሃል» ቢባል የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ አዳራሹ በሙሉ የሥነ ጽሑፋችንን ታሪክ አጉድሎ ይማራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ከእንቆቅልሽ ይገኛል። «እንቆቅልህ» ያለው ልጅ የነገሩን መልክና ጠባይ ይገልጻል እንጂ ከስም ወደ ስም አይጠይቅም። ያልቻለው አገር ይሰጣል፤ የቻለው ግን ከባሕርዩ ተነሥቶ ስሙ ላይ ይደርሳል። የውድድር ጥያቄም እንዲሁ ከይዘት ወደ አርእስት ቢሄድ፣ ለምሳሌ «በዛብህና ሰብለወንጌል የሚገኙበት ልቦለድ ምን ይባላል?» ቢል፣ ወደ መልሱ የሚወስዱት መንገዶች ይበዛሉ። ለተማሪውም ቢሆን አርእስትን ከደራሲ ጋር ብቻ አጣምሮ ከመሸምደድ ይልቅ ከገጸ ባሕርይ፣ ከቦታና ከአርእስቱ ትርጉም ጋር አያይዞ መያዝ ይጠቅመዋል። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ሦስት ክፍሎች፣ «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ» እና «የአብዮት ማግስት»፣ በቅርጽ ቢመሳሰሉም ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት ምን ማለት እንደሆኑ ያስተዋለ ሰው ቅደም ተከተላቸው አይጠፋበትም።

በአጠቃላይ የአርእስት መዘንጋት ሁልጊዜ የዕውቀት ማነስ ምልክት አይደለም፤ አርእስትን ፈጥኖ መጥራትም የንባብ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ውድድሮቻችን ይህን ልዩነት ካላስተዋሉ አንባቢውን ጥለው ሸምዳጁን ይሸልማሉ። ጥያቄ አውጪዎች፣ በተለይም የአማርኛ መምህራን፣ ጥያቄ ከማዘጋጀታቸው በፊት መጽሐፉን ራሱን ገልጠው ቢያዩ ተወዳዳሪውም ሊያነበው ይገፋፋል።