ከጎን የተቀመጠው ፖሊስ

ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ይህን ሳያይ አይቀርም። የሱቅ መስኮት ተሰብሮ ወይም መኪና ተጋጭቶ ፖሊስ ሲጠራ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። አንደኛው ልጅ እግር ነው፤ ጥያቄ የሚጠይቀው፣ መታወቂያ የሚቀበለው፣ ማስታወሻ የሚይዘው እሱ ነው። ሌላኛው ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ይቆማል። ብዙም አይናገርም፤ ዓይኑ ግን ከልጁ ላይ አይነሳም። ባለጉዳዩ «ይኼኛው ምነው ቢያግዘው?» ብሎ ይገረም ይሆናል። ዝም ያለው ሰው ግን ሥራው ላይ ነው። የመስክ አሠልጣኝ ፖሊስ ይባላል፤ አሜሪካኖቹ በአጭሩ «ኤፍ ቲ ኦ» ይሉታል።

በአሜሪካ አንድ ምልምል ፖሊስ በማሠልጠኛ ተቋም የሚያሳልፈው ጊዜ በአማካይ 833 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያገኘው ቁጥር ሲሆን በሳምንት ሲሰላ ከአምስት ወር ብዙም አያልፍም። በዚያ ጊዜ ሕግ ይማራል፣ ዒላማ ይተኩሳል፣ እጅ ማሰር ይለማመዳል። ጠጅ እንደጠጣ ሰው የሚንገዳገደው ግን የሥራ ባልደረባው ነው፤ የምታለቅሰው ሚስትም ልምምዱ ሲያበቃ እንባዋን ጠርጋ ምሳ ትበላለች። እውነተኛው ሰካራም፣ እውነተኛዋ ሚስት የሚገኙት ከተመረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከጎኑ ማን ተቀምጦ ነበር የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ ግምት፣ ከ833ቱ ሰዓት ሁሉ ይከብዳል።

የዚህ ሥራ ታሪክ የሚነሳው ከአንድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ አንድ ጀማሪ ፖሊስ በሥራ ላይ ሳለ የሚነዳው የፖሊስ መኪና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። በሌላው መኪና የነበረ ተሳፋሪ ሞተ፤ ፖሊሱም ክፉኛ ተጎዳ። ከተማው ጀማሪውን ከሥራ አሰናበተው። ጉዳዩ በዚህ ሊዘጋ ይችል ነበር። ማኅደሩ ሲገለጥ ግን ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ታየ፤ ጀማሪዎች የሚሠለጥኑበትም ሆነ የሚመዘኑበት መንገድ ብዙ ጎድሎት ነበር። እስከዚያ ድረስ የነበረው ልማድ ልጁን ከአንድ ነባር ፖሊስ ጋር መኪና ውስጥ አስቀምጦ «ሥራውን አሳየው» ማለት ነበር። ነባሩ ምን እንዳሳየው፣ ልጁ ምን እንደያዘ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሮበርት አለን የተባለ የመምሪያው ሌተናንት አዲስ ዕቅድ አቀረበ፤ በ1972 ሥራ ላይ ዋለ። ዕቅዱ ሲታይ ቀላል ነው። ጀማሪው አሥራ አራት ሳምንት ያህል በመስክ ይሠለጥናል። በየአራት ሳምንቱ አሠልጣኝና ፈረቃ ይቀያየርለታል፤ ይህም አንድ ሰው ስለወደደው እንዳያልፍ፣ አንድ ሰው ስለጠላውም እንዳይወድቅ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ወደ መጀመሪያው አሠልጣኝ ይመለሳል። አሠልጣኙ ያን ጊዜ ዩኒፎርሙን አውልቆ የሲቪል ልብስ ለብሶ ይቀመጣል፤ ሕዝቡም ልጁም እሱን እንደ ፖሊስ እንዳያዩት። መኪናው ውስጥ ያለው ፖሊስ አንድ ብቻ ይሆናል።

የዕቅዱ ልብ ግን ወረቀቱ ነው። አሠልጣኙ ከእያንዳንዱ ፈረቃ በኋላ የዕለት ምልከታ ሪፖርት ይሞላል። ሠላሳ ገደማ ነጥቦች አሉት፦ አነዳድ፣ የሬዲዮ አጠቃቀም፣ የሪፖርት አጻጻፍ፣ ከሕዝብ ጋር ያለው አነጋገር፣ ራስን ከአደጋ መጠበቅ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይመዘናል፤ 4 የሚበቃ ማለት ነው። ተደጋግሞ ተነግሮት ያልታረመ ጀማሪ «ለሥልጠናው ምላሽ አልሰጠም» የሚል ልዩ ምልክት ይያዝበታል። ይህ ዓይነቱ አሠራር በኋላ በመላ አሜሪካ እጅግ የተስፋፋው ሆነ።

ይህን ወረቀት አልንቅም። ከእሱ በፊት «ልጁ አይሆንም» ወይም «ልጁ ጎበዝ ነው» የሚባለው በወሬ ነበር። ወረቀቱ ለጀማሪውም ለሕዝቡም ፍትሕ አመጣ። ያልፈታው ነገር ግን አለ። በየቀኑ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ቀስ በቀስ ለነጥቡ መሥራት ይጀምራል። ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያብሰለስለው «ያቺን ሴትዮ በትክክል ረዳኋት?» የሚለው ሳይሆን «ዛሬ ስንት ሰጠኝ?» የሚለው ይሆናል። ያልገባውንም አይጠይቅም፤ መጠየቅ አለማወቅን መግለጥ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የማኅበረሰብ ፖሊስ ቢሮ ለዚህ መፍትሔ እንዲፈለግ ገንዘብ መደበ። በኔቫዳ የምትገኘው የሪኖ ከተማ ፖሊስ መምሪያ ከፖሊስ ሥራ አስፈጻሚዎች የምርምር መድረክ ጋር ሆኖ ሥራውን ያዘ። ሐሳብ የተዋሱት ከሐኪሞች ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው ንግግር በማብዛት ሳይሆን በሽተኛ በማስቀደም ነበር፤ መጀመሪያ ችግሩ፣ ከዚያ ችግሩ የሚጠይቀው እውቀት። ሪኖዎችም ይህንኑ ወደ ፖሊስ መኪና አመጡት።

የሪኖው ሥልጠና አሥራ አምስት ሳምንት ነው። ከአንድ ሳምንት መተዋወቂያ በኋላ አራት ምዕራፎች አሉት፦ አጣዳፊ ያልሆኑ ጥሪዎች፣ አጣዳፊ ጥሪዎች፣ የቅኝት ሥራ፣ የወንጀል ምርመራ። መሐል ላይና መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ሳምንት ለምዘና ይለቀቃል። የሚመዝነው ደግሞ ያስተማረው ሰው አይደለም፤ ሌላ ነው። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ለእኔ ግን የዕቅዱ ትልቁ ብልሃት እሷ ናት። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነጥብ የማይዝበት ከሆነ፣ ጀማሪው «ይኼ አልገባኝም» ለማለት አይፈራም።

በየምዕራፉ ጀማሪው መልሱ ከመጽሐፍ የማይገኝ ችግር ይሰጠዋል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ፦ በአንድ መናፈሻ ማታ ማታ ወጣቶች ይሰበሰባሉ፤ ጎረቤት ይደውላል፤ ፖሊስ ሲመጣ ይበተናሉ፤ ሲሄድ ይመለሳሉ። ምን ታውቃለህ? ምን ማወቅ ይቀርሃል? ማንን ትጠይቃለህ? ምን ታደርጋለህ፣ መሥራቱንስ በምን ታውቃለህ? ከዚህ ሌላ ጀማሪው የተመደበበትን ሰፈር አጥንቶ ያቀርባል። ባለሱቁን፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይ እየዞረ ያነጋግራል። ሰው ከሰፈሩ ጋር በሰላሙ ቀን ከተዋወቀ በክፉው ቀን የሚጠራው ስም አያጣም።

ደግሞ አንድ ደብተር አለ። ጀማሪው በየዕለቱ ያየውን፣ የተሰማውን፣ ያጠፋውን ይጽፍበታል፤ ደብተሩ የራሱ ነው፤ ለምዘና አይውልም። አንድ ተቋም፣ ያውም ሁሉን ነገር መዝግቦ የማስቀመጥ ልማድ ያለው የፖሊስ ተቋም፣ «ይኼን ወረቀት አናይብህም» ማለቱ ቀላል አይደለም።

ከዚህ አሠራር ጀርባ ያለውን ሐሳብ በሰፊው ያሳወቀው አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ባለሙያዎች በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያስቡ መረመረ። የተመለከተው ፖሊሶችን አልነበረም፤ አርክቴክቶችን፣ መሐንዲሶችን፣ የሥነ ልቦና ሐኪሞችን ነበር። ሁለት ዓይነት ማሰብ ለየ፤ እየሠሩ ማሰብና ሠርተው ካበቁ በኋላ መልሶ ማየት። ለእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ተማሪው የታረመበትን ምክንያት ይዞ ደግሞ ለመቁጠር ይቀመጣል። እውቀቱ ያለው በመቁጠሩ ብቻ፣ በመታረሙም ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል በሚደረገው ምልልስ ነው።

በፖሊስ መኪና ውስጥ ይህ ምልልስ ምን ይመስላል? ባልና ሚስት ተጣልተው ፖሊስ ተጠራ እንበል። ጀማሪው ሚስትየውን ሳሎን ውስጥ ያነጋግራል፤ ባልየው «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ይገባል፤ ጀማሪው ዝም ይለዋል። ወጥ ቤት ቢላዋ ያለበት ክፍል ነው፤ ነባር ፖሊሶች በእንዲህ ያለ ጠብ ማንንም ወደዚያ አያስገቡም። አሠልጣኙ ወዲያው ሰውየውን በለዘበ ቃል ይመልሰዋል፤ የሰው ሕይወት ለትምህርት ተብሎ አይያዝምና። መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ «ለራስ ጥንቃቄ፣ 2» ብሎ ጽፎ ማለፍ ይችላል። ወይም ሞተሩን ሳያስነሳ፣ «ስታነጋግራት ባልየው የት ነበር? አንተስ የት ቆመህ ነበር? ልብህ ምን ላይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ያኔ ልጁ ሴትዮዋ ስታለቅስ እናቱ ትዝ ብላው እንደነበር፣ ከእሷ ዓይኑን ማንሳት እንዳቃተው ይናገር ይሆናል። ያንን በቁጥር ማረም አይቻልም። እንደገና እንዳይደርስበት የሚያደርገው ራሱ በአንደበቱ ማውጣቱ ነው።

ጊዜ የሚባለው ነገር ደግሞ አለ። በኖርዌይ የፖሊስ ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ሦስት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት በትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ በፖሊስ ጣቢያ ከአሠልጣኝ ጋር፣ ሦስተኛው እንደገና በትምህርት ቤት ያልፋል። አንድ ዓመት ሙሉ ያየውን ሁሉ ይዞ ወደ ክፍል የሚመለስ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ከመጀመሪያው ዓመት ጥያቄ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። አገሩ ሀብታም ስለሆነ ነው ሊባል ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የአካሄዱ ቅደም ተከተል ራሱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሥራት፣ ከዚያ ተመልሶ ማሰብ።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው ከጎን በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ሰው በፖሊስ እጅ ሳለ ሲሞት፣ አንገቱ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ የነበረው ዴሪክ ሾቪን የ19 ዓመት ነባር ፖሊስ ብቻ አልነበረም፤ የመስክ አሠልጣኝም ነበር። በቦታው ከነበሩት ፖሊሶች ሁለቱ፣ አሌክሳንደር ኩዌንግና ቶማስ ሌን፣ ለብቻቸው ሥራ ከጀመሩ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር፤ ኩዌንግን በመስክ ያሠለጠነውም ራሱ ሾቪን ነበር። ሌን ሰውየውን በጎኑ ማገላበጥ ይሻል እንደሆነ ጠይቋል፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ኩዌንግ የልብ ምት ፈልጎ እንዳጣ ተናግሯል። ነባሩ አልተነሳም፤ ጀማሪዎቹም አላስነሱትም። ሾቪን በግድያ፣ ሁለቱ ጀማሪዎች ደግሞ የሰውየውን ሰብአዊ መብት በመጣስ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል።

ስለዚያ ቀን ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ሌን ያወጣው ቃል ጥያቄ መሆኑ ነው። ማሠልጠኛው ትክክለኛውን ነገር አስተምሮት ነበር፤ አልጠፋበትም። የጠፋበት ጥያቄውን ወደ ድርጊት የሚለውጥበት መንገድ ነው። ይህን የእኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ «እርስዎ» ብለን የምንጠራውን ሰው «ተሳስተዋል፣ ይነሱ» ለማለት ምላስ ይተሳሰራል።

የኒው ኦርሊንስ ፖሊስ መምሪያ ከሚኒያፖሊሱ ሞት አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ይህንኑ ምላስ የሚፈታ ሥልጠና ጀምሮ ነበር። መጠሪያው «ኤፒክ» ነው። ፖሊሶቹ ባልደረባቸው፣ አለቃቸውም ቢሆን፣ ሊያጠፋ ሲል እንዴት እንደሚያስቆሙት በተግባር ይለማመዳሉ፤ በዓይን ምልክት፣ በቃል፣ ካልሆነም በእጅ ይዞ። ማስቆም ብቻ ሳይሆን መቆምን መቀበልም ይለማመዳሉ፤ ሲነኩ የማይቆጡ፣ በኋላም ቂም የማይዙ እንዲሆኑ። ሥልጠናውን የጨረሰ ፖሊስ በዩኒፎርሙ ላይ ትንሽ ምልክት ይሰካል። ከጎኑ ለተቀመጠው ጀማሪ፣ ሳጥፋ ካየኸኝ ልታስቆመኝ ትችላለህ ማለቱ ነው።